የሲዳር ሆሎው ቃና ሰጪ

ሐኪሙ የጠየቃት ጓንቱን እያወለቀ፣ ዓይኑ ኮምፒውተሩ ላይ ሆኖ ነው።

«በሙያ ይዘምራሉ? መድረክ፣ ኳየር፣ እንዲህ ያለ ነገር?»

«አይ» አለች ቨርኒስ።

«አስተማሪ? ሰባኪ? ብዙ የሚያወራ ሥራ?»

«የትምህርት ቤት ምሳ ነው የምሠራው።»

«በጣም ጥሩ። እንግዲያው አይጨነቁ። እንቅርቷን አወጣታለሁ፣ ብዙም ሳይቆዩ እንደ ልብዎ ያወራሉ።»

ቃሉን ጠበቀ። እንደ ልቧ አወራች።

እሷም አልዋሸችም። በሰሜን አላባማ፣ ሲዳር ሆሎው ተብላ በምትጠራው ነጭ የእንጨት ቤተ ክርስቲያን የሚሰበሰበውን ሰው ሁሉ ብትጠይቀው መልሱ እንደዚያው ነው። ዘማሪ ማለት ሰው ፊት ቆሞ የሚዘምር፣ ሌላው ቁጭ ብሎ የሚሰማው ነው። ሲዳር ሆሎው ውስጥ ቁጭ ብሎ የሚሰማ የለም። አግዳሚ ወንበሮቹ በአራት ማዕዘን ይደረደራሉ፣ ሰው ፊቱን ወደ መሀል አዙሮ ይቀመጣል፣ መጽሐፉን ይገልጣል፣ ደረቱ እስኪላቀቅ ይጮኻል። ድምፅ በአራት ወገን ይከፈላል፤ ቀጭኑ ትሬብል፣ ወፍራሙ ቤዝ፣ መሀለኞቹ ቴነርና አልቶ፤ ቴነር በአልቶ ፊት ለፊት፣ ትሬብል በቤዝ ፊት ለፊት። ሰሚ ቢመጣ እንኳ የሚያየው ጀርባ ነው። ኳየር ደግሞ የከተማ ነገር ነው፤ ካባ ለብሰው ፈገግ የሚሉት። «እኛ ኳየር አይደለንም» ማለት እዚያ አገር ኩራት ነው። ልጆቹ ሳይቀሩ ይሉታል።

ስለዚህ ቨርኒስ አይ አለች። ያቺ አይ ናት እንግዲህ።

ሥራዋ ምን እንደነበረ ልንገራችሁ። ቃና ሰጪ ናት። ፒያኖ የለም፣ ኦርጋን የለም፤ ቃና ማውጫ ፊሽካ ይዞ የመጣ ሰው እንደ ሰካራም ነው የሚታየው። መዝሙር ሲጠራ አንድ ሰው ከቴነሮች ፊተኛው ወንበር ላይ ሆኖ መነሻዋን ድምፅ ከባዶ አየር ያወጣል። ሌላው እሷን ይዞ ይነሳል፤ መጀመሪያ ቃሉን ትቶ የኖታዎቹን ስም ፋ፣ ሶል፣ ላ እያለ፣ ከዚያ በቃሉ። ቃና ሰጪው ከፍ ካደረገው ትሬብሎቹ ይሰነጠቃሉ። ዝቅ ካደረገው ቤዞቹ መሬት ይገባሉ፣ መዝሙሩም እንደ ታመመ በሬ ይጎተታል። ጠዋት ሌላ ነው፣ ከምሳ በኋላ ሌላ ነው፣ ዝናብ ሲሆን ሌላ ነው። ስንት ቤዝ እንደመጣ፣ ስንቱ ጉንፋን እንደያዘው፣ ሁሉ ይገባበታል።

ይህን ያስተማራት አባቷ ኤምብሪ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ያቺን ወንበር የያዘው እሱ ነበር። ገና ጥርሷን ስትነቅል ጣቱን ማንቁርቷ ላይ አድርጎ፣

«ቃና በጆሮ አይገኝም፤ እዚህ ነው» አላት። «መጀመሪያ የመዝሙሩን ከፍተኛ ቦታ ፈልጊ። እንዳታወጪው! አፍሽን ዝጊና ጉሮሮሽን ብቻ እዚያ አድርሺው። እንደ ጫማ ማሰሪያ ጠበቅ ሲል፣ ግን ሳያንቅሽ፣ እዚያ ነው። ከዚያ ወደ መነሻው ውረጂና ስጪ። ያንቺ ጉሮሮ ከደረሰ የሁሉም ይደርሳል።»

ሲያረጅ ወንበሩን ለሷ ለቀቀ። ለአጎቷ ልጅ ለሉዴል አይደለም። ሉዴልም ጎበዝ ነበረች፤ ግን አልቶ ነበረች። ኤምብሪ አልቶ ላይ ይቀልድ ነበር። «አልቶ ማለት ሌሎቹ በልተው ሲነሱ ሳህን ላይ የቀረው ነው» ይል ነበር፣ ሉዴል እየሰማች። ሉዴል ትስቅ ነበር። ምን ታድርግ።

ያለፈው መኸር ሊሞት ሲል ቨርኒስን ጠራትና እንዲህ አላት፤ «ቀብሬ ላይ ዝቅ አድርገው ነው የሚዘምሩልኝ፣ አውቃቸዋለሁ። ሐዘን ጉሮሮ ይይዛል። እሱን ተያቸው። የሐምሌው ዓመታዊ ዝማሬ ላይ ግን የኔን መዝሙር አንቺ ስጪው። ከፍ አድርጊው። ዝቅ አድርገው ሁለተኛ እንዳይቀብሩኝ።»

«እሺ አባዬ» አለች። እሺ ማለት ቀላል ነው።

እንቅርቷ የተገኘችው ከቀብሩ በኋላ ነው። ሐኪሙ ደስ አላለችኝም አለ፤ ብርዱ ሳያልቅ ቀደዳት። ክፉ ነገር አልተገኘባትም። አንገቷ ላይ ቀጭን መስመር ቀረ። ወደ ትምህርት ቤቱ ምግብ ቤት ተመልሳ ልጆቹን «ሰልፍ ያዙ! አንተ፣ ትሪውን በሁለት እጅ!» እያለች ስትጮህ የተለወጠ ነገር የለም። ትንሽ ይደክማታል፣ በቃ። ሰው ሁሉ «ድምፅሽ እኮ ምንም አልሆነ!» ይላታል። እሷም ታምናለች። ምን ታድርግ፣ ራሷን እየሰማች።

መጋቢት ላይ ወደ ወንበሯ ተመለሰች። መዝሙር ተጠራ። አፏን ዘጋች፣ ጉሮሮዋን ወደ ላይ ሰደደች፣ ጠበቅ አለ፤ ወርዳ መነሻዋን ሰጠች። እንደ ሁልጊዜው።

ዝማሬው ሞተ። ትሬብሎቹ ያዛጋሉ። ቤዞቹ ያጉረመርማሉ። በሁለተኛው መዝሙር ላይ የዝማሬው ሊቀመንበር አጎቷ አርሊስ፣ ሰማንያን ያለፉ ቤዝ፣ መጽሐፋቸውን ጉልበታቸው ላይ ጣሉት።

«ልጄ፣ ከዚህ በታች ያለው ምድር ቤት ነው። እኔ ደግሞ ደረጃ መውረድ ሐኪም ከልክሎኛል።»

ሰው ሳቀ። ቨርኒስ አልሳቀችም።

«አጎቴ፣ ቃናው እንደ ሁልጊዜው ነው። ይሄ አዲሱ ማሞቂያ ነው። አየሩን አድርቆት ሰዉ ተኝቷል።»

«ማሞቂያውን አጥፉላት» አሉ አርሊስ።

ጠፋ። ሰው ኮቱን ለበሰ። ቃናው እዚያው ምድር ቤት ነበር። ባሏ ሆይት ከቤዞቹ መሀል ያያታል፤ ስታየው መጽሐፉን ያያል።

ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ቤቷ ሳህን ስታጥብ የአባቷን መዝሙር ጀመረች። መሀሉ ላይ ወደ ላይ የሚዘልበት ቦታ አለ። ዘለለች። አየር ወጣ። አየር ብቻ። ደገመችው። አንገቷ ተገታተረ፣ ድምፁ እዚያው ቆሞ ተንቀጠቀጠ። ሳህኑን አስቀመጠች። ሌላ ሳህን አነሳች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳህን ስታጥብ አትዘምርም።

በርሚንግሃም የድምፅ ሐኪም አለች ተባለ። ልጅ እግር ናት። በቨርኒስ አፍንጫ ቀጭን ቱቦ አስገባች፤ ጫፉ ላይ ካሜራ አለ፤ የጉሮሮዋ ውስጥ ቴሌቪዥን ላይ ወጣ። ሁለት ነጫጭ ከንፈሮች፣ እርጥብ፣ ይከፈታሉ ይዘጋሉ። ቨርኒስ ዕድሜዋን ሙሉ የተገለገለችበትን ነገር ያን ቀን አየችው። አስቀያሚ ነው።

«ኢ ይበሉ። አሁን ወደ ላይ ይሂዱ።»

ሄደች።

«ወደ ላይ።»

«ሄጃለሁ እኮ!»

«አልሄዱም።»

ሐኪሟ ቱቦውን አወጣች። አንድ እጇን ጨበጠች፣ ሌላውን እጇን እንደ ጋሻ በላዩ ደፋችበት።

«ማንቁርትዎ ይሄ ነው እንበል። ታች ቀለበት፣ ላይ ጋሻ። የድምፅ አውታሮቹ ከጋሻው ጀርባ ነው የታሰሩት። ለንግግር አውታሮቹ ተገናኝተው ሳንባዎ ሲነፋባቸው ይርገበገባሉ፣ በቃ። ወደ ላይ መውጣት ሲፈልጉ ግን ይሄ ጋሻ በቀለበቱ ላይ ጎንበስ ማለት አለበት፤» ጋሻውን እጇን ጎንበስ አደረገችው፤ «ያኔ አውታሮቹ ይለጠጣሉ፣ ይቀጥናሉ፣ ድምፁ ይወጣል። ጎንበስ የሚያደርጋት አንዲት ጡንቻ ናት። ጡንቻዋን የሚያዛት በየጎኑ አንድ ቀጭን ነርቭ ነው። የግራው የለም።»

«የት ሄደ?»

«እንቅርቷ የተቆረጠችበት ቦታ አጠገብ ነው የሚያልፈው።»

«ታዲያ እንዴት አወራለሁ?»

«ለማውራት ብዙም አያስፈልግም።»

ቨርኒስ ጣቷን ማንቁርቷ ላይ አደረገች። ከዚያ፣ «ጉሮሮዬ እኮ ይጠብቃል» አለች። «ከፍተኛው ቦታ ስደርስ ጠበቅ ይላል፣ አውቀዋለሁ፣ ያው ነው።»

«የሚጠብቀው ሌላ ነው። አንገትዎ በሙሉ እየተጋገዘ ነው። ጫፍ የደረሱ ይመስልዎታል፤ ገና መሀል ነዎት።»

ይሄኔ ነው የገባት። ማሞቂያው አይደለም። ሰዉም አልተኛም። አባቷ ጣቱን ያስቀመጠበት ቦታ ነው የሚዋሻት።

«መድኃኒቱስ?»

«የጉሮሮ ስፖርት አስተምርዎታለሁ፤ ትንሽ ይረዳል። ነርቩ ግን ከተቆረጠ ተቆረጠ ነው።» ሐኪሟ ብዕሯን እያሽከረከረች፣ «የቀደደዎት ሐኪም ይዘምራሉ ወይ ብሎ አልጠየቀዎትም?» አለች።

«ጠይቆኛል።»

«ምን አሉት?»

«አይ።»

ሐኪሟ ብዕሯን አስቀመጠች። «ለምን?»

ቨርኒስ ለማስረዳት ሞከረች። አራት ማዕዘኑን፣ ሰሚ አለመኖሩን፣ ኳየር አለመሆናቸውን። ስታወራው ለራሷም ጅል ነገር መሰላት።

«ቢያውቅ ነርቩን ይተወው ነበር?»

«ፈልጎት ያልፈው ነበር። ላያገኘውም ይችል ነበር። እንደ ፀጉር የቀጠነ ነው።»

«ከሁለቱ የቱ ይሆን ነበር?»

«አላውቅም» አለች ልጅቷ።

ይሄን አላውቅም ቨርኒስ እስከ ዛሬ ድረስ ጥርሷን ነክሳ ነው የምታስታውሰው። ጥፋቱ የሌላ ሰው ከሆነ ትጮህበታለህ። ያንተ ከሆነ ታለቅሳለህ። ይሄ የማንም አይደለም።

ሆይት መኪናው ውስጥ እየጠበቃት ነበር።

«ምን አለችሽ?»

«ቁጣ ቀንሺ አለችኝ።»

«እውነትም ሐኪም ናት» አለ ሆይት፣ መኪናውን አስነሳ።

ለማንም አልተናገረችም። የሐምሌው ዝማሬ ሩቅ አይደለም፤ እስከዚያ ወንበሯን አትለቅም። ዘዴ ዘየደች። ጉሮሮዋ እዚህ ነው ሲላት አታምነውም፤ በግምት ጨምራ ትሰጣለች። ምን ያህል እንደምትጨምር የሚነግራት ነገር የለም። ዓይነ ስውር ደረጃ እንደሚወጣ ነው፤ እግር አንሥቶ መሞከር።

የሚያዝያው ዝማሬ መጣ። በግምት ጨምራ መነሻዋን ሰጠች። ቤቱ ተናጋ! ትሬብሎቹ ጣራውን ነኩት፣ ቤዞቹ ወለሉን መቱት፣ አርሊስ እንደ ወጣት እግራቸውን ያንኳኳሉ። ግንቦትም እንደዚያው። ሰኔም።

«እህት ቨርኒስ፣ ተመለስሽልን!» አለቻት ኦፓል፣ የአርሊስ ሚስት፣ እቅፍ አድርጋ።

ተመለስኩ፣ ብላ ደመደመች ቨርኒስ። ከፍተኛው ኖታ ላይ መውጣት ባትችልም፣ ሌሎቹ ሲወጡ አፏን ብታንቀሳቅስም፣ ቃናው ልክ ነው። ዋናው እሱ ነው።

አንድ ነገር ነበር። እሷ መነሻዋን ስትሰጥ ሰው ሁሉ ድምፁን እየፈለገ ትንሽ ያንጎራጉራል፤ የቆየ ልማድ ነው። በዚያ ጉርምርምታ ውስጥ ቃናው ከሷ ቃና ከፍ ሲል ትሰማ ነበር። ጆሮዋ አልተቆረጠም። ግን ሞቅ ያለ ቤት ቃናን ወደ ላይ ይገፋል፤ ይሄ የታወቀ ነው። ቤቱ ሞቋል አለች። በየወሩ ቤቱ ሞቋል አለች። ሰው ማመን የሚፈልገውን ካገኘ ምን ጥያቄ አለው።

የሐምሌው ዝማሬ ደረሰ።

ከሦስት አውራጃ ሰው መጣ። መኪናው መቃብሩ አጥር ድረስ ቆመ። ሙቀቱ እንደ እርጥብ ፎጣ ነው፤ ሰው የቀብር አስፈጻሚው ድርጅት ማስታወቂያ በታተመበት ማራገቢያ ያራግባል። ጠዋቱ በደንብ ሄደ። የኤምብሪ መዝሙር ከምሳ በኋላ ተይዟል። ቨርኒስ ሰማያዊ ቀሚሷን ለብሳለች፤ አንገቱ ጠባሳዋን ይሸፍናል።

ከምሳ በፊት መታሰቢያ ይደረጋል። አንድ ሰው መሀል ይቆምና በዓመቱ ውስጥ የሞቱትን ስም ይጠራል፤ ቀጥሎ ታመው መምጣት ያልቻሉትን። ለሞቱት አንድ መዝሙር፣ ለታመሙት አንድ። የምትጠራው ኦፓል ናት፤ ሁሉንም በቃሏ ነው የምትይዘው፣ በዚህ ትታወቃለች።

«ኤምብሪ ቲድሞር» አለች ኦፓል። ቨርኒስ ዓይኗን ጨፈነች። ተዘጋጅታ ነበር። ቻለችው።

የሞቱት አለቁ። ኦፓል ትንፋሿን ሰብስባ ወደ ታመሙት ሄደች። አልጋ ላይ የዋለው ሽማግሌ። ዳሌዋ የተሰበረው። ስኳሩ እግሩን ያስቆረጠው።

«እህታችን ቨርኒስ።»

ቨርኒስ ዓይኗን ገለጠች። ኦፓል ከፊቷ፣ እጇን ብትዘረጋ የምትደርስበት ቦታ ቆማለች። አታያትም። መዝሙሩን እየጠራች ነው።

ቃናውን መስጠት ያለባት ቨርኒስ ናት። ለታመሙት። ሰጠች። ከዚያ ቤቱ ሲያንጎራጉር ለመጀመሪያ ጊዜ እየፈለገች ሰማችው። ከፊት ለፊቷ፣ ከአልቶዎቹ ወንበር፣ አንዲት ድምፅ፣ ቀጭን፣ አፏ የተዘጋ፣ ከቨርኒስ ቃና በላይ ወጣች። ጎረቤቷ ያዘቻት። ትሬብሎቹ ዞር ብለው ያዟት። ቤዞቹ ያዟት። ሁሉም ያዛት። የቨርኒስን ቃና አንድ ሰው አልያዘውም።

ሉዴል ነበረች። ዓይኗ መጽሐፏ ላይ ነው። መጽሐፏ ተዘቅዝቋል።

ለምሳ ዛፉ ሥር ባለው ረጅም ጠረጴዛ ተሰበሰቡ። የተጠበሰ ዶሮ፣ ባቄላ፣ የበቆሎ ዳቦ፣ በረዶ የገባበት ጣፋጭ ሻይ። ቨርኒስ ሳህን አላነሳችም። ቀጥ ብላ ወደ ኦፓል ሄደች።

«ኦፓል፣ ታምሜያለሁ?»

«ውይ የኔ ምስኪን...»

«የኔ ምስኪን አትበይኝ! ቁጭ ብዬ እያየሁሽ ከታመሙት ጠራሽኝ። ወይ ከሞቱት አድርጊኝና ይለይልኝ።»

«ሆይት ነው እኮ፣ ለጉሮሮዋ ጸልዩላት ያለኝ። ክፉ መስሎኝ ነው?»

ሆይት የዶሮ እግር ይዞ ቆሟል። የት እንደሚያስቀምጠው ጠፋው።

«አንተ ምን ታውቃለህ ስለ ጉሮሮዬ?»

«ባልሽ አይደለሁ እንዴ?» አለ ሆይት። «ሳህን ስታጥቢ መዘመር ካቆምሽ ስንት ጊዜ ሆነሽ? ቤቱ ውስጥ የሚሰማው የቧንቧው ውሃ ብቻ ነው። ደንቆሮ ነው ብለሽ ነው የያዝሽኝ?»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«አንቺስ? ቁጣ ቀንሺ አለችኝ አላልሽም?»

ይሄን ሲል አጠገቡ የነበሩት ሳቅ ሊያመልጣቸው ሆኖ ወደ ባቄላው ዞሩ። ቨርኒስ ወደ አርሊስ ዞረች። ሽማግሌው ማኘካቸውን አቆሙ።

«አጎቴ፣ እርስዎ ይንገሩኝ። ቃናው ልክ ነው አይደለም?»

«ልክ ነው፣ ልጄ።»

«የማን?»

አርሊስ ሉዴልን አዩ። ሉዴል እንቁላል የተደረደረበት ትሪ ይዛ መጥታ ነበር፤ ትሪውን ለማኖር ቦታ እያለ ይዛው ቆመች።

«ከሚያዝያ ጀምሮ የኔ ነው» አለች ሉዴል። «እነሱ ናቸው... እነሱ ናቸው የለመኑኝ። እኔ አልፈልግም ብያለሁ። ሆይትን ጠይቂው።»

«በጣም አዘንሽ» አለች ቨርኒስ በሽሙጥ።

«አዝኛለሁ! አንቺ ግን ሁሌ እንደዚህ ነሽ። አባትሽም እንደዚህ ነበር። ሰው የሚያዝንላችሁ ሲመስላችሁ ትናከሳላችሁ። መጋቢት ላይ የሰጠሽውን ብትሰሚው ኖሮ... ሰው እኮ መቅረት ጀምሮ ነበር፣ ቨርኒስ። ምን እናድርግ? ተነሽ እንበልሽ? አባትሽ ከሞተ ዓመት ሳይሞላው?»

«አዎ» አለች ቨርኒስ። «ተነሽ ትሉኛላችሁ።»

«ብንልሽ ትነሺ ነበር?»

አትነሳም ነበር። ሉዴል ታውቃለች፣ ሁሉም ያውቃል። ኦፓል ሻይ ቀድታ ሰጠቻት። ተቀበለችና ሣሩ ላይ ደፋችው። ሙቀት ስለነበር ወዲያው ደረቀ።

ሰው ተመልሶ ገባ፣ ሆዱ ሞልቶ፣ ከብዶ። ጥቂት መዝሙሮች ተዘመሩ፣ ቨርኒስ ቃና ሰጠች፣ ሉዴል ግን አላንጎራጎረችም። መዝሙሮቹ ተጎተቱ። ሰው እርስ በርሱ አይተያይም።

«የኤምብሪ ቲድሞር መዝሙር» አሉ አርሊስ። «ልጁ ትመራዋለች።»

መሪ መሀል ይቆማል። አራቱም ወገን ድምፁን የሚጥለው እዚያ ነው፤ በዓለም ላይ እንደዚያ ያለ ቦታ የለም። ቨርኒስ መጽሐፏን ይዛ ገባች። አፏን ዘጋች። ጉሮሮዋን ወደ አባቷ ቦታ ሰደደች። ጠበቅ አለ። ውሸቱን እንደሆነ እያወቀች ጠበቅ አለ።

የጠበቀበትን አመነችና ሰጠች። ሳትጨምር። ያላትን።

ሉዴልን አፍጥጣ አየቻት። ሉዴል ከንፈሯን ነከሰች። ቤቱ በቨርኒስ ቃና ተነሳ። ፋ፣ ሶል፣ ላ። ቤዞቹ ከሁለተኛው መስመር በታች ጠፉ፤ የሆይት አፍ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለውም። ትሬብሎቹ ያለ ምንም ጭንቅ እንደ ተረት ተረት ይሉታል። ወደ ላይ የሚዘልበት ቦታ ሲመጣ ቨርኒስ ዘለለች፤ ደረሰች። ከተቀደደች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ደረሰችበት። በዚህ ቃና ማንም ይደርስበታል። ላም ትደርስበታለች።

እንዲህ ነው የሚቀበረው እንግዲህ። ሁለተኛ። በልጁ እጅ።

ቃሉ ሳይጀመር እጇን አነሳች። ዝማሬው ቆመ። በመሪ እጅ መዝሙር መሀሉ ላይ ቆሞ አያውቅም፤ ማራገቢያዎቹ ሳይቀሩ ቆሙ።

«ሉዴል» አለች ቨርኒስ። «አንቺ ስጪው።»

«ቨርኒስ፣ ተይ...»

«ስጪው ነው የምልሽ። ደግሞ ከምሳ በኋላ ነው፤ ሰው ሆዱ ሞልቷል፣ ከጠዋቱ ትንሽ ዝቅ ታደርጊዋለሽ። ትንሽ ነው ያልኩሽ! ትሬብሎቹ ላይ እንዳትራሪ። ከተሰነጠቁ ይሰንጠቁ።»

አርሊስ በእጃቸው የቴነሮቹን ፊተኛ ወንበር አመለከቱ። ሉዴል ተነሳች። አራት ማዕዘኑን ስታቋርጥ የቨርኒስን ትከሻ ልትነካ እጇን ዘረጋች፤ ቨርኒስ ገጽ ገለጠች። ሉዴል ተቀመጠች። ዓይኗን ጨፈነች። መነሻዋን ሰጠች።

ልክ ነበር። ትንሽ እንከን ቢኖረው ቨርኒስ ደስ ይላት ነበር። የለውም።

ቤቱ ተነሳ። ከአራቱም ወገን መጣባት፣ ወለሉ በጫማዋ ውስጥ ተርገበገበ፣ የአባቷ መዝሙር እሱ እንደሚፈልገው ቆሞ ሄደ። ቨርኒስ እጇን ከፍ ዝቅ እያደረገች መራች። ወደ ላይ የሚዘልበት ቦታ ላይ አፏን አላንቀሳቀሰችም። ዘግታው ቆመች። ጉሮሮዋ ግን በለመደበት ሄደ፤ ጠበቀ፣ አነቃት፣ ገና መሀል ነበር።

ሲያልቅ እንደ ሕጉ ወደ ወንበሯ ዞረች። ወንበሯ ላይ ሰው አለ። ባዶ የነበረው የአልቶዎቹ ፊተኛ ወንበር ነው፤ የሉዴል መቀመጫ ገና ሙቅ ነው። ሄዳ ተቀመጠች። ከዚያ ወዲያ ፊት ለፊት የምታየው የራሷን ቦታ ነው።

አጠገቧ ያለችው ሴት መጽሐፏን አስጠግታ በጣቷ መስመሩን አሳየቻት፣ እንደ እንግዳ።

«አውቀዋለሁ» አለች ቨርኒስ።

ቀጣዩ መዝሙር ተጠራ። ሉዴል ሰጠች። የአልቶው ኖታ ትንሽ ነው፣ ሁሉም አጠገብ ላጠገብ፣ ሁሉም ዝቅ ያሉ። ሳህን ላይ የቀረው። ቨርኒስ አንድ በአንድ ደረሰችባቸው።